ሁለቱ የብር ኤሊዎች፤ ስለ ጥንታዊ የቻይና የብር ሥራና ስለ አሰባሰቡ ታሪክ የቀረበ ሂስ

በታንግ ነገሥታት ዘመን፣ ማለት ከ618 እስከ 907 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የቻይና አንጥረኞች ከሠሯቸው የብር ዕቃዎች መካከል ሙሉ የእንስሳ አካል ያላቸው ብዙ አይደሉም። ከነዚህ ጥቂቶች ውስጥ ሁለቱ ኤሊዎች ናቸው። አንደኛው በሻአንሺ ጠቅላይ ግዛት በፋሜን መቅደስ ሥር ከነበረው ምድር ቤት በ1987 ዓ.ም. የወጣው ነው፤ ሁለተኛው በጂያንግሱ ጠቅላይ ግዛት በዠንጂያንግ ከተማ አጠገብ፣ ዲንግማው ድልድይ በሚባለው ስፍራ፣ በ1982 ዓ.ም. የተገኘው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ከብር ተሠርተው በወርቅ የተለበጡ ናቸው፤ ሁለቱም የታንግ መንግሥት ወደ ማብቂያው በተቃረበበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። ጎን ለጎን ቢቀመጡ የአንድ ቤተ ዘመድ ልጆች ይመስላሉ። አገልግሎታቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። አንደኛው ንጉሠ ነገሥት ለቡዳ ዐፅም ካቀረበው የሻይ ዕቃ ጋር የሚቈጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው በግብዣ ላይ ማን ምን ያህል መጠጣት እንዳለበት በዕጣ የሚወሰንበት የጨዋታ ዕቃ ነው። ይህ ልዩነት ከቅርጻቸው የተነበበ አይደለም፤ የታወቀው አብረዋቸው ከተገኙት ዕቃዎችና ከጽሑፍ ነው። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ፣ ያለ ጎረቤትና ያለ ጽሑፍ ወደ ስብስብ የገቡት የቻይና የብር ዕቃዎች ምን ያህል አፍ እንዳላቸውና ስለነርሱ የተጻፈው ዕውቀት በምን ላይ እንደ ቆመ ነው።

የኤሊን ትርጉም ከቅርጹ ብቻ ሊያነብ የሚነሣ ሰው ሰፊ ሜዳ ይጠብቀዋል። በሻንግ ነገሥታት ዘመን የኤሊ ቅርፊት በትኵስ ነገር እየተነካ፣ ስንጥቁ እየተነበበ፣ የወደፊቱ ይጠየቅበት ነበር። ከእባብ ጋር የተጠመጠመ ኤሊ ከአራቱ ማዕዘናት የሰሜኑ ጠባቂ ነው። ታላላቅ የመታሰቢያ ሐውልቶች በድንጋይ ኤሊ ጀርባ ላይ ይተከሉ ነበር። በ690 ዓ.ም. ዙፋኑን የያዘችው ንግሥት ው ዘቲየን፣ ሹማምንት ማንነታቸውን የሚያስረዱበት ምልክት ቀድሞ የዓሣ ቅርጽ የነበረውን ወደ ኤሊ ለወጠችው፤ ምልክቱ የሚያዝበትም ከረጢት ለከፍተኞቹ በወርቅ፣ ለተከታዮቹ በብር፣ ከዚያ ለሚያንሱት በመዳብ እንዲያጌጥ ተደረገ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ኤሊ የረጅም ዕድሜ ምሳሌ ሆኖ ይታወቃል። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ የብር ኤሊ የገጠመው ጸሐፊ፣ የንግርት ነው፣ የጠባቂ መንፈስ ነው፣ የሹመት ነው፣ የዕድሜ ምኞት ነው ቢል ለእያንዳንዱ ማስረጃ አያጣም። ችግሩም ይኸው ነው፤ ሁሉም ሊሆን ይችላል፣ አንዱም አይፈተንም።

ይህን ችግር የወለደው የአሰባሰቡ ታሪክ ነው። የቻይና ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት በይበልጥ ይሰበስቡ የነበረው ጽሑፍ ያለበትን ጥንታዊ ነሐስ፣ ጄድ የሚባለውን የከበረ ድንጋይ፣ ሥዕልንና የእጅ ጽሕፈትን ነው። የታንግ ብር በዓለም ገበያ ላይ ስሙ የገነነው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት መሬት ሲቈፈር ብዙ የጥንት መቃብሮች ተከፈቱ፤ የውጭ አገር ገዢ መኖሩ ሲሰማ ደግሞ ሐዲድ በሌለበትም ቦታ መቃብር ፈልጎ መቈፈር መተዳደሪያ ሆነ። የናንጂንግ መንግሥት በ1930 ዓ.ም. ከመሬት በታች ያለ ጥንታዊ ዕቃ የመንግሥት ሀብት ነው የሚል ሕግ አወጣ፤ ይሁን እንጂ የአገሩ ሁኔታ በጦርነት የታወከ ስለ ነበረ ሕጉ እጅና እግር አላገኘም። ዕቃው ከገበሬው ወደ መንደር ነጋዴ፣ ከመንደር ነጋዴ ወደ ቤይጂንግና ወደ ሻንግሃይ፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ፣ ወደ ለንደንና ወደ ኒው ዮርክ ይጓዝ ነበር።

በዚህ መንገድ ላይ ከቆሙት ሰዎች ሁለቱን ማንሣት ይበቃል። ሲ. ቲ. ሉ በሚል ስም የታወቁት ቻይናዊ ነጋዴ (1880–1957) በፓሪስ የቻይና ፓጎዳ የመሰለ ቤት አሠርተው፣ በኒው ዮርክም መደብር ከፍተው፣ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ታላላቅ ሙዚየሞች ዕቃ አቅርበዋል። ስዊድናዊው ኦርቫር ካርልቤክ ደግሞ በመጀመሪያ የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ ነበሩ። በሥራቸው ምክንያት ከመሬት የሚወጣውን ሲያዩ ቈይተው ወደ ማሰባሰቡ ገቡ፤ ከ1930 እስከ 1934 ዓ.ም. የአውሮፓ ሙዚየሞችና ግለሰቦች ገንዘብ አዋጥተው ዕቃ እንዲገዙላቸው ወደ ቻይና ልከዋቸዋል። ነጋዴው ምንጩን መደበቅ ጥቅሙ ነበር፤ ገዢው ምንጩን አለመጠየቅ ምቾቱ ነበር። በመካከላቸው የጠፋው ነገር በሁለቱም የሒሳብ መዝገብ አልገባም።

ከታንግ ብር ሰብሳቢዎች በስም የሚቀድሙት የስዊድን የወረቀት ኢንዱስትሪ ባለቤት የነበሩት ካርል ኬምፔ (1884–1967) ናቸው። የወርቅና የብር ስብስባቸውን ቦ ጊለንስቬርድ የተባሉት ምሁር በ1953 ዓ.ም. በካታሎግ አሳተሙት። እኚሁ ምሁር በ1957 ዓ.ም. ስለ ታንግ ወርቅና ብር ያዘጋጁት ሰፊ ጥናት በስቶክሆልም የሩቅ ምሥራቅ ጥንታዊ ዕቃዎች ሙዚየም መጽሔት ወጣ፤ ለብዙ ዓመታትም የዚህ ትምህርት መሠረት ሆኖ አገልግሏል። ጥናቱ ሊመሰገን የሚገባው ነው። የዕቃዎቹን ቅርጽ በየወገናቸው ለይቷል፤ የአሠራራቸውን ብልኀት አስረድቷል፤ ከፋርስ የሳሳን ሥራ ጋር ያላቸውን ዝምድና አሳይቷል፤ የአበባውንና የሐረጉን ጌጥ እያስተያየ የዘመን ቅደም ተከተል አቁሟል። ዘመናቸው በተረጋገጠ ዕቃዎች በኩል የነበረው ትልቁ ድጋፍ ከቻይና ውጭ ይገኝ ነበር፤ ይኸውም በጃፓን አገር በናራ ከተማ ያለው የሾሶይን ግምጃ ቤት ነው። ያ ግምጃ ቤት በ756 ዓ.ም. ለቡዳ ሲሰጥ የዕቃው ዝርዝር በጽሑፍ ስለ ተቀመጠ፣ ዕቃውና መዝገቡ እስከ ዛሬ አብረው ቈይተዋል።

ይሁንና የዚህ ዓይነቱ ጥናት ወሰኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። በስብስብ ውስጥ ያለ ሳሕን ከሌላ ስብስብ ሳሕን ጋር ሲነጻጸር፣ ያም ከሦስተኛው ጋር ሲነጻጸር፣ ሰንሰለቱ ይረዝማል እንጂ መሬት አይነካም። ስለ ቅርጽ የሚነገረው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስለ አገልግሎትና ስለ ባለቤት የሚነገረው ግን ግምት ሆኖ ይቀራል። ካታሎጎች ይህን ክፍተት የሚሸፍኑበት የታወቀ ቃል አላቸው፤ «ከእንዲህ ያለ ቦታ እንደ ተገኘ ይነገራል» ይላሉ። የተናገረው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ሻጩ ነው። የሻጭ ቃል በሁለተኛው ካታሎግ ሲደገም «ይነገራል» የሚለው ይቀንሳል፤ በሦስተኛው ደግሞ የቦታው ስም ብቻ እንደ እውነት ቆሞ ይገኛል። በዚህ ዓይነት ወሬ በመደጋገም ብቻ ማስረጃ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የፋሜንን ኤሊ ማስተያየት ይጠቅማል። የመቅደሱ ባለ አሥራ ሦስት ደርብ የጡብ ፓጎዳ በ1981 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ከዝናብ ብዛት ግማሹ ተናደ። በ1987 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጠረግ ከሥሩ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ዓመት በላይ ተዘግቶ የኖረ ምድር ቤት ተገኘ። በ873 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ዪዞንግ የቡዳ የጣት አጥንት ነው የሚባለውን ዐፅም ወደ ዋና ከተማው ወደ ቻንግአን አስመጥቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሲሞት ገና ልጅ የነበረው ተተኪው ሺዞንግ በ874 ዓ.ም. መጀመሪያ ከብዙ ስጦታ ጋር ወደ መቅደሱ መለሰው፤ ምድር ቤቱም ተዘጋ። የወርቅና የብሩ ዕቃ ብቻ 121 ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በምድር ቤቱ ውስጥ የተገኘው የድንጋይ ሰሌዳ ነው። በላዩ ላይ የገባው ዕቃ በየስሙ፣ ብዛቱና ክብደቱ፣ የሰጪውም ማንነት ጭምር ተቀርጾበታል።

በዚህ ሰሌዳ ላይ ሺዞንግ ከሰጣቸው ዕቃዎች መካከል «ኤሊ አንድ፣ ክብደቱ ሃያ ሊያንግ» የሚል ይገኛል። የወጣው ኤሊ ሲመዘን 820.5 ግራም ሆነ። ለሃያ ሲካፈል አንዱ ሊያንግ 41 ግራም ያህል ይሆናል፤ ይህም ስለ ታንግ ዘመን ሚዛን በሌላ መንገድ ከታወቀው ጋር ይስማማል። አንድ ጸሐፊ በ874 ዓ.ም. የጻፈውና አንድ የሙዚየም ሠራተኛ በሃያኛው መቶ ዓመት የመዘነው ተገናኙ ማለት ነው። በዓለም ላይ ካሉት የግል ስብስቦች በአንዱም ውስጥ ያለ የታንግ ብር ዕቃ፣ በተቀበረበት ቀን ከተጻፈ መዝገብ ጋር እንዲህ ፊት ለፊት የመቆም ዕድል አላገኘም። ዕቃውን ከአፈር ያወጣው ሰው መዝገብ ቢያይ እንኳ ድንጋዩን ተሸክሞ ወደ ገበያ አይወጣም፤ ብሩን ይዞ ድንጋዩን ይተዋል።

ሰሌዳው ለሌሎችም ዕቃዎች ስማቸውን መልሶላቸዋል። የታንግ ዘመን ጽሑፎች «ምስጢራዊ ቀለም» ያለው የሸክላ ዕቃ መኖሩን ይናገሩ ነበር፤ የትኛው እንደ ሆነ ግን ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲከራከሩበት ኖረዋል። ሰሌዳው ስሙን ጠቅሶ ስለ ዘረዘረውና ዕቃዎቹም በዚያው ስለ ተገኙ ክርክሩ መልስ አገኘ። በ1970 ዓ.ም. በሺአን ከተማ ዳርቻ በሄጂያ መንደር፣ በሁለት የሸክላ ጋኖችና በአንድ የብር ማሰሮ ውስጥ፣ ከ1000 የሚበልጡ ዕቃዎች ተገኝተው ነበር። ከነርሱ አንዱ ውስጡ እንደ ተንከባለለ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሳሕን ያለው፣ ወንፊት የመሰለ ክብ የብር ዕቃ ነው። ተመራማሪዎች «የማጠኛ ኳስ» ብለውት ነበር። የፋሜን ሰሌዳ ግን ይህኑ ዓይነት ዕቃ «የሽቱ ከረጢት» ብሎ ጠራው። በቍፋሮ የተገኘ ዕቃ እንኳ መዝገብ ሲጎድለው ስሙ የሚሳት ከሆነ፣ ከነጋዴ እጅ የመጣው ምን ያህል ሊሳት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ግን ሂስ ወደ ሌላውም ወገን መዞር አለበት። ብዙ ጽሑፎች የፋሜንን ኤሊ ያለ ምንም ማመንታት «የሻይ ዱቄት ማስቀመጫ» ይሉታል። ሰሌዳው እንዲህ አይልም፤ የሚለው «ኤሊ» ብቻ ነው። የሻይ መሆኑ የተደረሰበት በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ በዝርዝሩ ላይ ከኤሊው ቀጥሎ የሚመጣው የጨው ማስቀመጫ ነው፤ ትንሽ ዝቅ ብሎም የሻይ መፍጫው፣ መንኰራኵሩ፣ ወንፊቱና ማንኪያው ተጽፈዋል። ሁለተኛ፣ በዚያ ዘመን ሻይ ይጠጣ የነበረው ተጠፍጥፎ የደረቀው ተጠብሶ፣ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ ጨው ተጨምሮበት ስለ ሆነ፣ የተነፋውን ዱቄት የሚይዝ ክዳን ያለው ዕቃ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ የኤሊው ጀርባ ክዳን ነው፤ ሲነሣ ሆዱ ባዶ ነው። እነዚህ ጠንካራ ምክንያቶች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ምክንያቶች እንጂ ምስክር አይደሉም። ክዳን ያለው ባዶ የብር ዕቃ ዕጣንም ሊይዝ ይችላል። ከመፍጫው ዕቃዎች በአንዳንዶቹ ላይ የሺዞንግ የልጅነት መጠሪያ የሆነው «አምስተኛው ወንድም» የሚል ቃል ተጭሮ መገኘቱ ባለቤታቸውን ያሳውቃል፤ መፍጫው በ869 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ የሥራ ቤት እንደ ተሠራም ተቀርጾበታል። ከሻይ ዕቃው ጋር የኤሊው ዝምድና የሚመሠረተው ግን በጉርብትና ነው። በመሆኑም ትክክለኛው አነጋገር «ከሻይ ዕቃው ጋር የተዘረዘረ፣ የሻይ ዱቄት መያዣ ሳይሆን የማይቀር» ነው። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የዕቃውን ክብር አይቀንስም፤ አንባቢው የታወቀውንና የተገመተውን ለይቶ እንዲያይ ያደርጋል እንጂ።

ሁለተኛው ኤሊ ይህን ነጥብ ያጠነክረዋል። የዲንግማው ድልድይ ኤሊ በጀርባው ላይ ሻማ የመሰለ ክብ ዓምድ ተሸክሟል፤ በዓምዱም ላይ «የኮንፊሽየስ ንግግር የጄድ ሻማ» የሚል ስም ተጽፏል። በዓምዱ ውስጥ ሃምሳ የብር ዕጣዎች አሉ። እያንዳንዱ ዕጣ ከኮንፊሽየስ ንግግሮች የተወሰደ ቃል ይዞ፣ ከሥሩ በግብዣው ላይ የሚጠጣው ማን እንደ ሆነና ምን ያህል እንደሚጠጣ ይናገራል። የጠቢቡ ትምህርት የጠጪዎች መቀለጃ ሆኖ መገኘቱ ስለ ታንግ ዘመን የተማሩ ሰዎች ሕይወት ብዙ መጻሕፍት የማይነግሩትን ይነግራል። አብሮት ከ950 በላይ የብር ዕቃ ተገኝቷል፤ የጨዋታው መሪ የሚያውለበልበው ትንሽ የብር ባንዲራ ጭምር አለበት። ይህ ዕቃ አንድ በአንድ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበረ ማሰብ ይበቃል። ዕጣዎቹ ለአንዱ፣ ባንዲራው ለሌላው፣ ኤሊው ለሦስተኛው ይደርሳል፤ ኤሊውም በአንድ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ «የረጅም ዕድሜ ምሳሌ፣ ምናልባት የሻማ ማስቀመጫ» ተብሎ ይቀመጣል። ስሕተቱንም የሚያርም አይገኝም፤ ምክንያቱም ቅርጹ ስሕተቱን ይደግፈዋል።

ለሰብሳቢዎች የሚቆሙ ሰዎች ግን በቀላሉ የማይናቅ መከራከሪያ አላቸው። ብር እንደ ሸክላ ወይም እንደ ድንጋይ አይደለም፤ ቀልጦ ገንዘብ ይሆናል። ድሀ ገበሬ በእርሻው ላይ የብር ዕቃ ሲያገኝ የቅርቡ ገዢ አቅላጩ ነው። ዕቃው ከብሩ ክብደት በላይ ዋጋ እንዳለው ያስተማረው የውጭ ገበያ ነው፤ ስለዚህ ኬምፔና መሰሎቻቸው ባይኖሩ ኖሮ ብዙው በእሳት ይጠፋ ነበር ይላሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ የቀለጠ ዕቃ ምንም አይናገርም፤ በካታሎግ የታተመው ግን ቢያንስ ቅርጹን ይናገራል። ነገር ግን ክርክሩ ሁለት ነገሮችን ይደባልቃል። በአጋጣሚ ከመሬት የወጣውን ከእሳት ማዳን አንድ ነገር ነው፤ በመሬት ውስጥ በደኅና የተቀመጠው እንዲወጣ ዋጋ ማቅረብ ሌላ ነገር ነው። አንዱን ዕቃ ከአቅላጩ ያዳነው ገንዘብ ሌላውን መቃብር ያስቈፍራል። የፋሜን ምድር ቤት ሺህ ዓመት ሳይነካ የቈየው ሰብሳቢ ስላዳነው ሳይሆን ቈፋሪ ስላልደረሰበት ነው።

ስብስብ ራሱም ዘላለማዊ አይደለም። የኬምፔ ስብስብ በ1971 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለሕዝብ ታየ፤ በኋላም በስዊድን አገር በኡልሪሴሃምን ሙዚየም ቈይቶ፣ ወርቁና ብሩ በ2008 ዓ.ም. በለንደን ለጨረታ ቀረበ። መቃብሩ ከተፈታ በኋላ ስብስቡም ተፈታ። ዕቃዎቹ በአንድ ጊዜ በአንድ ቤት እንደ ነበሩ የሚመሰክረው አሁን የ1953ቱ ካታሎግ ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ የጊለንስቬርድ ሥራ የታሰበለትን ብቻ ሳይሆን ያልታሰበለትንም አገልግሎት እየሰጠ ነው፤ እርሱም እንደ ፋሜን ድንጋይ የዕቃ መዝገብ ሆኗል። ልዩነቱ የፋሜን ጸሐፊ የዕቃውን ሰጪ ማወቁ ነው፤ የስቶክሆልሙ ምሁር ግን ያወቁት ገዢውን ብቻ ነው።

የጠፋውን በከፊል ለመመለስ የተደረገው ጥረት ተስፋ ይሰጣል። የፋሜንን ቍፋሮ ከመሩት መካከል የሆኑት ሃን ዌይ በ1989 ዓ.ም. በቻይናና በውጭ አገር ያሉትን የታንግ ወርቅና ብር ዕቃዎች በአንድ መጽሐፍ አሰባስበው አሳተሙ። ቺ ዶንግፋንግ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. በወጣው ጥናታቸው ከቍፋሮ የተገኙትን መሠረት አድርገው የዘመኑን ቅደም ተከተል እንደ ገና መረመሩ። መንገዱ የተቃና የሆነው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ምንጩ የታወቀው ዕቃ ምንጩ ያልታወቀውን ይመራዋል፤ በተገላቢጦሽ ሲሆን ግን ዕውር ዕውርን እንደ መምራት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለካታሎግ ጸሐፊዎችና ለሙዚየም ሰዎች የሚቀረው ምክር ጥቂት ነው። ስለ ጥንታዊ የብር ዕቃ የሚጻፈው የመጀመሪያው መስመር የውበቱ ምስጋና ሳይሆን የተገኘበት ቦታ ይሁን፤ ቦታው የማይታወቅ ከሆነም «አይታወቅም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የያዙት ሰዎች ስም ከነዓመቱ ይከተል። የሻጭ ቃል ሲጠቀስ የሻጭ ቃል መሆኑ ይነገር። ከቍፋሮ የተገኘውም ቢሆን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ እንደ ገና ዝምተኛ ይሆናልና፣ መፍጫው፣ ወንፊቱና የጨው ማስቀመጫው ከኤሊው አጠገብ ይቁሙ፤ ሃምሳዎቹ ዕጣዎችም ከዓምዳቸው አይራቁ። የፋሜን ኤሊ በድንጋዩ ላይ የያዘው ስፍራ ከጥቂት ቃላት አይበልጥም። ያ ጸሐፊ ስለ ውበቱ አንድ ነገር አልጻፈም፤ ስሙን፣ ብዛቱንና ክብደቱን ጽፎ አለፈ። ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ዓመት በኋላ ዕቃውን ለታሪክ ያበቃው ይኸው ትጋት ነው።